አያትን፣ አባትንና የልጅ ልጅን ስለ ሃይማኖትና መንግሥት እንዴት እንጠይቅ?

«ድሮ ሰው ቄስ ያለውን ይሰማ ነበር፤ ያሁን ልጅ ማንን ይሰማል?» ጎንደር ውስጥ ለቅሶ ድንኳን የተቀመጠ፣ ማኅበር የጠጣ፣ ቡና የተጠራ ሁሉ ይህን ሰምቷል። እኔ ታሪክ አስተምር በነበረበት ጊዜ መስማቱ ሲሰለቸኝ የቤት ሥራ አደረግሁት። ተማሪው አንድ አያት፣ አንድ ወላጅና አንድ እኩያውን ጠይቆ አባባሉ እውነት መሆን አለመሆኑን በገዛ ቤቱ ይመረምራል።

አብዛኞቹ መጀመሪያ ይዘውት የሚመጡት ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። አያቴ ድሮ ጥሩ ነበር አለች፤ አባቴ ሁሉም ያው ነው አለ፤ እህቴ ሃይማኖት የግል ነው አለች። «ቲቸር፣ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?» ይሉኛል። እመልስላቸው የነበረውን እነሆ ጻፍሁት። ጡረታ ወጥቻለሁና ጊዜ አለኝ፤ ደግሞም ቤተሰቡን መጠየቅ የሚያምረው ተማሪ ብቻ አይደለም።

እምነትን ተዉት፣ ትእዛዝን ጠይቁ

ታምናለህ ወይ፣ ትጾሚያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ ለዚህ ሥራ አይረዳም። ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ሂዱና እዩ። በታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሕዝቡን የሚያስተናግደው፣ ሌሊቱን ሲዘምር የሚያድረው አብዛኛው ገና ለጋ ወጣት ነው። በዚህ ከለካን ሃይማኖት ከአያቶቻችን ዘመን ይልቅ በርትቷል ማለት ነው። ያንኑ ልጅ የነፍስ አባቱ «እገሌን ምረጥ» ቢሉት ግን መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ወደ ፈቀደው ይሄዳል። መጠየቅ ያለባችሁ ይህኛውን ነው። የሃይማኖት ሰው ስለ መሬት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ምርጫ ሲናገር ማን ታዘዘ? ማን እንቢ አለ? እንቢ ያለው ሰው ምን ደረሰበት?

ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያን ድሮ ኃይል ነበራት?» አትበሉ። አያት «እንዴታ!» ይሉና ነገሩ እዚያው ያልቃል። አንድ የተወሰነ ቀን፣ አንድ የተወሰነ ትእዛዝ ጠይቁ፤ ወዲያው ደግሞ ተቃራኒውን አስከትሉ። «የነፍስ አባትዎ አትሥሪ ብለውዎት የተዉት ነገር ምንድን ነው?» ካላችሁ በኋላ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ፣ «ብለውዎት ያልተዉትስ?» በሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ነው ሥራውን የሚሠራው።

አንዲት ተማሪ ከአያቷ ጋር ያደረገችውን ለክፍሉ አነበበች። አያቷ ከከተማው ወጣ ባለ ገጠር የኖሩ ናቸው። መጀመሪያ «እኛ የካህን ቃል አንጥስም ነበር» ብለዋታል። ሁለተኛውን ስትጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉና፦

«የደብሩ የሰሞን መሬት ሲከፋፈል መምሬ በግዝት ከልክለው ነበር። ያረሰው ይረገም ብለው።»

«ታዲያ አባባ አላረሱም?»

«አረሰ እንጂ። የልጅ መዓት ተሸክሞ ምን ያርግ? ደንግጬ ነበር እኔስ። በዓመቱ ግን መምሬ ራሳቸው ገበሬ ማኅበር ተመዝግበው ድርሻቸውን ወሰዱ። ከዚያ ወዲያ ስለ ግዝቱ ያነሣ የለም።»

ይህን ያወሩት ያችው «የካህን ቃል አንጥስም» ያሉት ሴት ናቸው። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ያሁን ልጅ ጀመረው የሚባለውን አያቷ ቤት አገኘችው።

ከመሄዳችሁ በፊት የምትይዙት ዘመን

ትልልቆች ዓመት አይቆጥሩም። «መሬት የተከፋፈለ ጊዜ»፣ «ልጆቹ የታፈሱ ጊዜ»፣ «ኢሕአዴግ የገባ ለት» ነው የሚሉት። እነዚህን በዓመተ ምሕረት የምትተረጉሙት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ጥቂት ነገር አንብባችሁ ሂዱ። ሁሉን አትሸምድዱ። ለጎንደር ቤት የሚጠቅመው የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ከተማዋ ራሷ። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ሕዝቡን ካስጨረሱ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለው እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ ያለው ከዚያ ነው። ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። በልጃቸው በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ደግሞ እዚሁ የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው ይስፈሩ ብሎ ወሰነ። የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ማን የት ይደር የሚለውን ሃይማኖት ይወስንበት የነበረ ከተማ ውስጥ ነው የምትጠይቁት።

ቀጥሎ አፄ ቴዎድሮስ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፤ የቀረው መሬት ለገባር ይሁን ብለው ከካህናቱ ጋር የተጣሉት እሳቸው ናቸው። የካህናት ቃል መደፈር በፌስቡክ የመጣ የሚመስለው ተማሪ ሲገጥመኝ ይህን አነብለታለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱን ከመሐላቸው የፈቱት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። አንድ ጳጳስ «ፈትቻችኋለሁ» ሲል አልጋ ይነቃነቅ ነበር ማለት ነው። በአንዱ ዘመን እየተደፈረ፣ በሌላው እየገነነ የመጣ ሥልጣን ነው እንጂ አንድ ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ያበቃ አይደለም።

አያቶቻችሁ የሚያስታውሱት ግን ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ወዲህ ነው። አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች፣ የንጉሠ ነገሥቱም ስም በጸሎት ሁሉ እንደሚጠራ ይደነግግ ነበር። ያ ሥልጣን ግን በሕግ ብቻ አልቆመም፤ መሬት ነበረው። ካህኑ፣ ደብተራው፣ መሪጌታው የሚኖሩት በዚያ መሬት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆኑ ደብሮቹ መሬታቸውንም የሚያከራዩትን ቤትም አጡ። በ1968 ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረደ፤ በኋላም ተገደሉ። በእኔ አስተያየት፣ ጎንደር ውስጥ ቄሱ በመንግሥት ጉዳይ የነበረውን ቃል የቆረጠው የወጣቱ አለማመን አይደለም። የቆረጠው ቀበሌው ነው፤ ማዳበሪያና ስኳር የሚያድለው፣ ልጅ የሚያስፈታው እሱ ሆነ። በቀይ ሽብር ጊዜ የጎንደር እናቶች ያወረዱት ሙሾ ባለሥልጣኑን «የእግዜር ታናሽ ወንድም» ብሎ የሚለምን ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ያዙ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ አይገባም ይላል። በጎንደር ሊቀ ጳጳስነታቸው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው አቡነ መርቆሬዎስ በ1980 ፓትርያርክ ሆነው መንግሥት ሲለወጥ መንበራቸውን ለቀቁ፤ በሐምሌ 2010 ከስደት ተመለሱ። ይህን ለአባት ጠይቁት፤ ብዙ ይናገራል።

ቤቱ ሲለወጥ ጥያቄውም ይለወጣል

እስካሁን የኦርቶዶክስ ቤት ብቻ ነው ያየሁት። አዲስ ዓለም ሄዳችሁ አንድ ሙስሊም አዛውንት «የሃይማኖት ተሰሚነት መቀነሱ ያሳዝንዎታል?» ብትሉ ያዩአችኋል። የእሳቸው ቤት ታሪክ ሌላ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙና አብሮት የወጣው ክርስቲያን የእኩልነት ጥያቄ ይዞ ሰልፍ ወጣ፤ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው። መንግሥት ከአንድ ሃይማኖት ሲለይ ለእሳቸው በር ተከፈተ። ስለዚህ እንዲህ ጠይቁ፦ «በዓልዎ በካላንደር ላይ የወጣበትን ዓመት ያስታውሳሉ? ያን ዕለት ሥራ ቦታ ምን ተባለ?»

ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ብዙዎቹ እስራኤል ገብተዋል፤ ዘመድ ካላችሁ ግን በስልክም ይጠየቃል። ርስት ላልነበረው ሸማኔና ቀጥቃጭ የ1967ቱ አዋጅ ምን ነበር? ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ በደርግ ጊዜ ጸሎት የት ይደረግ እንደነበር ጠይቁ፤ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየሰው ሳሎን በዝግታ የዘመሩ አሉ።

ከእነዚህ ቤቶች ቢያንስ አንዱን ሳትጨምሩ ወረቀቱን አትዝጉ። አለበለዚያ የአንድ ቤት ኀዘን የከተማው ታሪክ ይመስላችኋል።

ሰዓትና አቀማመጥ

ሦስቱን አንድ ላይ አትጠይቁ። አያት ባሉበት አባት አይናገርም፤ አባት ባለበት ልጅ አትናገርም። ይህ ግልጽ ነው፤ ግን ሁሌም ይረሳል።

አያትን በቡና ነው። አቦሉ ላይ ስለ ጤናና ስለ ዘመድ ይወራል፤ ጥያቄያችሁን ቶናው ሲቀዳ ጀምሩ። በሁዳዴ ከቅዳሴ ሳይመለሱ አትሂዱ፤ ደክማችሁ ታደክማላችሁ። በማኅበራቸው ቀን፣ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ ከነጭርሱ አይሆንም። ቁጭ ብላችሁ ወረቀት አውጥታችሁ ከጻፋችሁ ቀበሌ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ አስፈቅዳችሁ በስልክ ቅዱ፣ ወይም ስትወጡ ጻፉ። «እምዬ፣ እንዳልረሳው ልቅዳው?» ብትሉ የሚከለክሉ ጥቂት ናቸው። ፓርቲና ፖለቲካ የሚባል ነገር አታንሡ፤ በሁለት መንግሥት የተቀጣ ሰው ወዲያው ይዘጋል። «ማን አዘዘ፣ ማን ታዘዘ» ይበቃል።

አባት ቤት ውስጥ አይሆንም። ወደ አዘዞ በሚሄድ ታክሲ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ወይም ፒያሳ ማኪያቶ ጋብዙት። በ1966 ወጣት የነበረው ትውልድ ዛሬ ራሱ አያት ሆኗል፤ የእናንተ አባት ምናልባት በደርግ ጊዜ ልጅ የነበረ ነው። ለእሱ የምወደው ጥያቄ «እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ቤተሰቡ ምን ያደርግ ነበር?» የሚል ነው። ማን ቅዳሴ ሄደ፣ ማን ስብሰባ ገብቶ ስሙን አስመዘገበ፣ ማን በሁለቱ መካከል ሮጠ። አንዱ አባት «እናታችን ትቀድስልናለች፤ አባታችን ያጨበጭብልናል» ብሎ መልሷል፤ የሥራ ክፍፍል መሆኑ ነው። ስለ ቀይ ሽብር ካነሣ ስም አትጠይቁት። እሱ ከጠራ ደግሞ አትጻፉት።

ከእኩያ ጋር ቀላል ይመስላል፤ ከሦስቱ የሚከብደው ግን ይህ ነው። ወጣቱ ለእናንተ የሚመልሰው እናንተ መስማት የምትፈልጉትን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያለች ልጅ «ቤተ ክርስቲያን ያለችውን ሁሉ እሰማለሁ» ትላችኋለች፤ ወደ ቤተ እምነት የማይሄደው «እኔ ነጻ ነኝ» ይላችኋል። ሁለቱንም ወደ አንድ ቀን ጎትቷቸው። የሚሻለው ቀን የ2015ቱ ነው። በጥር ወር ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶስ ውጪ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ ቅዱስ ሲኖዶስ አወገዘ፤ ምእመናን በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ጥቁር እንዲለብሱ ጠራ፤ የካቲት 5 ሊደረግ የነበረው ሰልፍ ቀርቶ ነገሩ በስምምነት ረገበ። ጠይቁ፦ ጥቁር ለብሰሽ ነበር? ትእዛዙን ከማን ሰማሽ፣ ከዐውደ ምሕረት ወይስ ከቴሌግራም? በዚያው ዓመት አንድ ቄስ ስለ ሌላ የመንግሥት ጉዳይ «ተዉ» ብለው ሰማሽ? የሰማሻቸውስ ነበር?

እዚህ ላይ ነው የትውልዱ ልዩነት የሚወጣው። በተደጋጋሚ የሰማሁት መልስ ይህ ነው፦ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ስትነካ ይህ ትውልድ ከአባቱ ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ስለ ሌላው ጉዳይ ስትናገር ግን ምክር አድርጎ ይሰማትና ራሱ ይወስናል። አባትየው የሚፈራው ቀበሌውን ነበርና ለሁለቱም አልታዘዘም። አያት ደግሞ፣ እንዳያችሁት፣ ታዘዝን ይላሉ፤ ሲጠየቁ ግን መሬቱን አርሰዋል። በእናንተ ቤት እንዲህ ላይሆን ይችላል። ካልሆነ ደስ ይለኛል፤ ጻፉት።

ስለ ምርጫ አንድ ነገር ብቻ። በ2013 ማንን እንደመረጠ አትጠይቁ፤ ድምፅ ምስጢር ነው። «ከመምረጥህ በፊት ማንን አማከርህ?» ይበቃል። በመልሱ ውስጥ የነፍስ አባት ወይም ሼኽ ተጠርተው እንደሆነ ብቻ ምልክት አድርጉ።

የማይቀዳውን አትቅዱ

በሚያዝያ 2014 ከቀብር ጋር ተያይዞ ሰው የሞተበት፣ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ያቆሰለ ግጭት ከተማችን ውስጥ ደርሷል። ይህ ለቡና ጥያቄ አይሆንም። ራሳቸው ካነሡት አዳምጡ፣ ስልኩን አጥፉ፣ ሌላ ሰው ባለበት አታስቀጥሉ። በሁለቱም ወገን የሚሸመግሉ አባቶች አሉና ጉዳዩን ለነሱ ተዉት።

ዛሬ ባለው ሁኔታ ደግሞ ቅጂ በስልክ ተሸክሞ ከከተማ መውጣት ብልህነት አይደለም። ቤት ገብታችሁ በወረቀት ገልብጡ፣ ድምፁን ደምስሱ። ወረቀቱ ላይ ስም አይገባም፤ ዕድሜና ሰፈር ይበቃል። «ቁስቋም አካባቢ፣ ሴት፣ ሰማንያ ያለፋቸው»።

ወረቀቱን መሙላት

በአንድ ሉክ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ አያት፣ ወላጅ፣ እኩያ። ወደ ታች መሬት፣ ዘመቻ፣ ስብሰባ፣ ምርጫ፣ ዕርቅ ጻፉ። በየሳጥኑ «ታዘዘ» ወይም «አልታዘዘም» ብላችሁ ከሥሩ የተናገሩትን አንድ ዐረፍተ ነገር በራሳቸው አማርኛ አስፍሩ። የዕርቁ መስመር ባብዛኛው በሦስቱም «ታዘዘ» ይላል፤ ደም ሲደርቅ መስቀል የያዘ ካህን ሳይኖር የሚታረቅ ወጣት አላጋጠመኝም። ባዶ የሚቀሩ ሳጥኖች አሉ። በግምት አትሙሏቸው።

ቁጥር የሚወድ ተማሪ እዚህ ላይ የሕዝብ ቆጠራ ማምጣት ያምረዋል። በ1987ቱ ቆጠራ ከአገሩ ሕዝብ 50.6 በመቶው ኦርቶዶክስ ነበር፤ በ1999 ወደ 43.5 ወረደ። በዚያው በ1999 ግን በአማራ ክልል 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17.2 በመቶው ሙስሊም ነው። ቁጥሩ ሰው ራሱን የማን ብሎ እንደሚጠራ ይነግረናል፤ ማን ማንን እንደሚታዘዝ አይነግረንም። ከፈለጋችሁ በኅዳጉ ጻፉት፣ በሳጥኖቹ ውስጥ ግን አታስገቡት።

ሲያልቅ ለተጠያቂዎቹ አንብቡላቸው፤ ለየብቻ፣ የየራሳቸውን ዓምድ ብቻ። አያት የሚያርሙት ባብዛኛው የዘመድ ስምና የቦታ ስም ነው፤ አመስግናችሁ አርሙ። አባት ግን «እኔ እንዲህ አላልሁም» ሊል ይችላል። አትከራከሩት፣ ቅጂም አታሰሙት። የመጀመሪያውን ሳትሰርዙ አዲሱን መልስ ከሥሩ ቀኑን ጠቅሳችሁ ጻፉና ሁለቱንም አቆዩ።